የሦስት ቀን ሽብር፣ የአራት ዓመት መልስ

«ሽብር» የሚለው ቃል በየዘመኑ ከአፍ ወደ አፍ ሲዘዋወር የኖረ ቃል ነው። ወራሪው ተወራሪውን፣ ገዥው ተገዥውን፣ አንዱ ጎራ ሌላውን ጎራ በዚሁ ስም ሲጠራ ተሰምቷል። የታሪክ ፍርድ ግን የሚቆመው በድርጊት ላይ ነው። አንድ ኃይል ሰላማዊ ነዋሪን ሆን ብሎ ዒላማው ሲያደርግ፣ የሟቹም ሞት የተረፈውን ለማንቀጥቀጥ ሲታሰብ፣ ድርጊቱ ሽብር፣ አድራጊውም አሸባሪ ነው። አዲስ አበባ በዚህ ሚዛን ከውጭ ወራሪ ከደረሱባት መከራዎች ሁሉ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ተጀምሮ ለሦስት ቀናት የዘለቀውን የሚያህል የለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚያን ቀናት ሰቆቃ ለመዘርዘር ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ለሽብሩ የሰጠው መልስ ምን እንደነበረ፣ ከምን ከምን እንደተሠራም ለመመርመር ነው።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። የየካቲቱ ጭፍጨፋ የአንድ ቀን ቁጣ የወለደው እብደት አልነበረም። ሙሶሊኒ ሐምሌ 1 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማለትም ጦሩ አዲስ አበባን ከያዘ ከሁለት ወር በኋላ፣ በአመፀኞችና ከእነሱ ጋር በሚተባበረው ሕዝብ ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖሊሲ በተከታታይ እንዲሠራበት ለግራዚያኒ በቴሌግራም ፈቅዶለት ነበር። ትእዛዙን የተቀበለውም ሰው ለሥራው እንግዳ አልነበረም። ሮዶልፎ ግራዚያኒ በሊቢያ፣ በሲሬናይካ ምድር፣ ሕዝቡን ከነከብቱ ከቀዬው ነቅሎ በሽቦ በታጠረ ሰፈር ያጎረ፣ ሽማግሌውን አርበኛ ዑመር ሙኽታርን በመስከረም 1924 ዓ.ም. እስረኞች ተሰብስበው እያዩ በስቅላት ያስገደለ ነው። እንግዲህ በአዲስ አበባ የሆነው ነገር በሌላ አገር የተሞከረ፣ በሮም የተፈቀደ፣ በእንደራሴው ጽሕፈት ቤት የታወቀ የአገዛዝ ዘዴ ነበር።

በ1929 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ጠላት ጦርነቱ ያለቀ መስሎት ነበር። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ባደረጉት ሙከራ ማግሥት፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ ተረሽነዋል። በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. ልዑል ራስ እምሩ በምዕራብ ተማርከዋል፤ በዚያው ወር የልዑል ራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን በምሕረት ተስፋ ገብተው ፍቼ ላይ ተገድለዋል። በደቡብ ራስ ደስታ ዳምጠው በብዙ ጦር ተከበው ይሳደዱ ነበር። ግራዚያኒም የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ መውለዱን ምክንያት በማድረግ ለከተማይቱ ድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሆነው ስፍራ፣ ሰበሰበ። ዕለቱ ዓርብ ነበር።

አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የሚባሉ ከኤርትራ የመጡ ሁለት ወጣቶች በእንደራሴውና በአጀቡ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ በብዙ ስብርባሪ ቆሰለ፤ የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል ሊዮታና ሌሎችም መኳንንትና መኮንኖች ተጎዱ። ወጣቶቹን በመኪና ይዟቸው ያመለጠው ስምዖን አደፍርስ ኋላ ተይዞ በሥቃይ ሞተ፤ አብርሃና ሞገስም ወደ ሱዳን ሲያመሩ ሕይወታቸው በመንገድ አለፈ። ፋሽስቶች ለእነዚህ ሦስት ሰዎች የወንበዴና የነፍሰ ገዳይ ስም ሰጧቸው። ልዩነቱ ግን በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ በዚያው ግቢ ታየ። ወጣቶቹ ያነጣጠሩት የወራሪውን ጦር አዛዥ ነበር። ወታደሮቹ ግን በሩን ዘግተው መትረየስ ያዞሩት ምጽዋት ሊቀበሉ በመጡት ሽማግሌዎች፣ ዕውራንና አካለ ስንኩላን ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የፋሽስት ፓርቲ የከተማው ኃላፊ ጊዶ ኮርቴዜ መራው። ለጥቁር ሸሚዝ ለባሾች፣ ለሲቪል ሠራተኞችና ለሾፌሮች ሳይቀር የፈለጉትን እንዲያደርጉ የሦስት ቀን ፈቃድ ተሰጣቸው። የገደሉት በጥይት ብቻ አልነበረም፤ በዱላ፣ በአካፋ፣ በጩቤ ፈጁ። የሣር ክዳን ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ከውጭ ዘግተው ቤንዚን አርከፍክፈው ለኰሱ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም በእሳት ተያዘ። ቀጥሎም የተማረው ወጣት እየተመረጠ ተለቀመ። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም፣ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች፣ ከጥቁር አንበሶች ማኅበር አባላት ብዙዎቹ፣ አገሪቱ በስንት ድካም ያፈራቻቸው መምህራንና ጸሐፊዎች በአንድ ሰሞን ተረሸኑ። ራስ ደስታም የካቲት 17 ቀን ተገደሉ። ሌሎች በሶማሊያ ወደ ደናኔ፣ በቀይ ባሕር ወደ ኖኩራ፣ በኢጣሊያም ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዙ።

የሟቾቹን ቁጥር በተመለከተ የኢትዮጵያ መንግሥት ከነጻነት በኋላ ያቀረበው 30,000 የሚል ነበር። በኢጣሊያ ወገን የተጻፉት ቁጥሮች ከጥቂት መቶዎች አንሥተው እስከ ጥቂት ሺህ ይደርሳሉ። ታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ የምስክሮችን ቃል፣ ፎቶግራፎችንና የየሰፈሩን ሁኔታ አገናዝቦ ከ19,000 በላይ ሰዎች ማለቃቸውን ገምቷል። የትኛውም ቁጥር ቢወሰድ ፍርዱን አይለውጠውም፤ ሆኖም ቁጥሩ በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል። የሰማዕታትን ቁጥር በግምት ማብዛት ለካጁ መንገድ ይከፍታል፤ ማሳነስም ሟቹን ሁለተኛ መግደል ነው።

ለምን ይህ ሁሉ ሆነ? ሽብር ከሟቹ ይልቅ ተመልካቹን ይሻል። መስቀያው በገበያ መካከል የሚተከለው፣ ሬሳው እንዳይነሣ የሚከለከለው፣ ገዳዩ ከሬሳ አጠገብ ቆሞ ፎቶግራፍ የሚነሣው ለዚህ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ ቆዳ ብቻ እንዲያስብ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲጠራጠር፣ የወደቀውን የሚያነሣ እንዲጠፋ። አንድ ሕዝብ ወደ ተበታተኑ ግለሰቦች ከተለወጠ ያን ጊዜ በጥቂት ጦር ሊገዛ ይችላል።

ጠላት ይህን ሂሳብ ስለሚያውቅ፣ ሰዎችን በአንድ ስሜት የሚያያይዘው ምን እንደሆነም ያውቅ ነበር። እኛ የኪነት ሰዎች ልናስታውሰው የሚገባ አንድ ሰነድ አለ። ግራዚያኒ በመጋቢት ወር 1929 ዓ.ም. ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም ለጸጥታ እጅግ አደገኛ ከሆኑት ሰዎች መካከል አዝማሪዎችን፣ ጠንቋዮችንና ትንቢት ተናጋሪዎችን ቆጥሮ፣ በከተማይቱና በአካባቢዋ ያሉት ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙን፣ እስከዚያም ቀን 70 ያህል መገደላቸውን አስታውቋል። አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ የያዘ ሠራዊት ማሲንቆ የያዘን ሰው ፈራ። የፈራበትም ምክንያት ነበረው። ጋዜጣ በሌለበት፣ ራዲዮ በጠላት እጅ በሆነበት ጊዜ የጦር ሜዳውን ወሬ ከገበያ ገበያ የሚያደርሰው፣ የአርበኛውን ስም የሚያስጠራው፣ የባንዳውን ስም የሚያዋርደው አዝማሪው ነበር። ገዳማትም ስደተኛን የሚያስጠጉ፣ ተስፋን የሚያስተምሩ ነበሩና ከዚያው መዓት አላመለጡም። በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. ጄኔራል ማሌቲ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት፣ ዲያቆናትና ምእመናን አስፈጀ። ኢጣሊያውያኑ በራሳቸው ቴሌግራም ያመኑት 449 ነፍስ ነው፤ ደግፌ ገብረ ጻድቅና ካምቤል ያደረጉት ምርመራ ግን ቁጥሩን ከ1,000 በላይ ያደርሰዋል።

አሁን ወደ መልሱ እንምጣ። በእነዚያ ሦስት ቀናትና በተከተሉት ሳምንታት ከተማይቱ የሰጠችው መልስ ዝምታ ይመስል ነበር። የተረፈው ሬሳውን በስውር ቀበረ፣ ወላጅ አልባውን ሕፃን አስጠጋ፣ አመቺ ሌሊት ያገኘውም ወደ ዱር ወጣ። በቁጣ ተነሥቶ ባዶ እጁን ከመትረየስ ፊት የቆመ ሕዝብ ቢኖር ኖሮ ግራዚያኒ ደስ ባለው ነበር። ቁርጠኝነት የጩኸት ብዛት አለመሆኑን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት አበበ አረጋይ በሸዋ ዱር የያዙት ትግል ከከተማው በወጣው ሰው እየተጠናከረ ሄደ። ክረምቱ ሳይወጣ ላስታ በደጃዝማች ኃይሉ ከበደ መሪነት ተነሣ፤ ደጃዝማቹ ተገድለው አንገታቸው ተቆርጦ ለሕዝብ ቢታይም እሳቱ አልጠፋም። በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ፣ በበጌምድርም ውብነህ ተሰማና ሌሎች አርበኞች ጠላትን ከምሽጉ እንዳይወጣ አደረጉት። በሽብር ጸጥታ አመጣለሁ ያለው ግራዚያኒ በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ መንፈቅ ከሥልጣኑ ተነሥቶ በአኦስታው መስፍን ተተካ። ይህ የፖሊሲው ውድቀት የመጀመሪያ ምስክር ነው።

የዱሩን ትግል የተሸከመው ግን ስውሩ የከተማ ትግል ነበር። የውስጥ አርበኞች ተብለው የሚጠሩት ሰዎች በጠላት ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት፣ በጠላት ቤት በወጥ ቤትነት፣ በገበያ በነጋዴነት እየሠሩ የጦሩን እንቅስቃሴ ያሳውቁ፣ ጥይት፣ መድኃኒትና ጨው ይልኩ ነበር። ከመካከላቸው ሸዋረገድ ገድሌ ተይዛ በእስርና በግርፋት የተፈተነች፣ ወደ አሲናራም የተጋዘች፣ ከግዞት ስትመለስ ዳግመኛ ወደ ትግሉ የገባች ጀግና ናት። ስንዱ ገብሩ ከጥቁር አንበሶች ጋር ዘምታ፣ ተማርካ፣ በኢጣሊያ ታስራ ከተመለሰች በኋላ ሴት ልጆችን ወደ ማስተማርና ወደ ድርሰት ሥራ ገብታለች። ለውስጥ አርበኛ ጀብዱ ማለት ዛሬም እንደ ትናንቱ ሥራው ላይ መገኘት፣ ፊቱ ሳይለዋወጥ ለገዳዩ ቡና ማቅረብ፣ ማታ ደግሞ የሰማውን ለሚገባው ማድረስ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአበው ቃል በዚህ ሥራ ላይ ሥጋ ለበሰ።

ነገር ግን ታሪክን ለማሳመር ብለን እውነቱን ልንሸፍን አይገባንም። ሁሉም አርበኛ አልነበረም። ለሹመትና ለደመወዝ ሲሉ፣ አንዳንዱም በቆየ ቂምና በደረሰበት በደል ተገፍቶ፣ ለጠላት ያደሩ ባንዶች ብዙ ነበሩ። በአርበኞቹም መካከል የግዛትና የማዕረግ ሽኩቻ ነበር። እንዲያውም ነገሩ ክብር የሚያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። ብሔራዊ ቁርጠኝነት ከእናት ማሕፀን ይዘነው የምንወጣው የደም ባሕርይ ቢሆን ኖሮ ማንንም ባላመሰገንን ነበር። ከሰዎች ምርጫ የተሠራ፣ በየዕለቱ ሊፈርስ ሲል በየዕለቱ የተጠገነ ነገር ስለሆነ ነው ሊጠናና ሊወረስ የሚገባው።

ከመሣሪያው ትግል ጎን ሌላ ትግል ነበር፤ እርሱም የምስክርነት ትግል ነው። ጠላት የሠራውን እንዳይታወቅ ለማድረግ ብዙ ደከመ። ይሁን እንጂ በከተማይቱ የነበረው የሀንጋሪ ተወላጅ ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ ያየውን ጻፈ፤ ሲልቪያ ፓንክረስት በለንደን ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ታሳትመው በነበረው ጋዜጣ ላይ የኢትዮጵያ እሮሮ ለዓለም ተሰማ። ደራሲው ተመስገን ገብሬ ከዚያ ጭፍጨፋ ተርፎ ወደ ሱዳን ከተሰደደ በኋላ ያየውን «ሕይወቴ» በተባለው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ አኖረልን። ዮፍታሔ ንጉሤም በስደት ምድር ብዕሩን አላስቀመጠም። ዘግይቶም ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በተሰኘው ተውኔቱ የሰማዕቱን የመጨረሻ ሰዓት በመድረክ አቆመው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ ነገር ግን የተወጋው ሲሞት ማስታወሻው አብሮት እንዳይቀበር የሚያደርገው የጻፈው እጅ ነው።

የመልሱ ከፍተኛ ደረጃ የታየው ግን በድል ቀን ነው። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. በብሪታንያ አዛዥነት የሚመራው ጦር አዲስ አበባ ሲገባ በከተማይቱ በሺህ የሚቆጠሩ የኢጣሊያ ሲቪሎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ኢጣሊያውያኑ ከአራት ዓመት በፊት የሠሩትን ያውቁ ነበርና በቀልን ይጠብቁ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከተማይቱ ሲገቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልሱ ለሕዝቡ ተናገሩ። በንግግር ብቻ ግን የሕዝብ እጅ አይያዝም። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ወንድሙ የተረሸነበት ሕዝብ የየካቲትን ሦስት ቀን በኢጣሊያውያን ሴቶችና ልጆች ላይ አልደገመም። ብዙ ኢጣሊያውያን ከዚያ በኋላ በአገራችን በሙያቸው ሲሠሩ ኖረዋል። የዚህ ጨዋነት ሥር ረጅም ነው። በ1928 ዓ.ም. በምዕራብ ኢትዮጵያ የተቋቋመው የጥቁር አንበሶች ማኅበር ባወጣው አሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ገበሬን መበደልንና ምርኮኛን ማሠቃየትን ከልክሎ ነበር። በሽንፈት መካከል እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣ ማኅበር፣ ጠላቱን ከመምሰል ራሱን መጠበቅ የድል ግማሽ መሆኑን ያወቀ ማኅበር ነው።

ይህን ትምህርት ሁልጊዜ ጠብቀነዋል ማለት ግን አንችልም። ከየካቲት 12 ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ይህችው ከተማ ዳግመኛ ሽብር ወረደባት፤ በዚህ ጊዜ በገዛ ልጆቿ እጅ። በአንድ በኩል ከተማ ለከተማ የሚካሄድ ግድያ፣ በሌላው በኩል ያንን እመልሳለሁ ብሎ በመንግሥት ስም የታወጀ «ቀይ ሽብር» ትውልድን በላ። የወጣቶች ሬሳ ጽሑፍ እየተለጠፈበት በየመንገዱ ተጣለ፤ ወላጅ እንዳያለቅስ ተከለከለ። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ሽብርን በሽብር እመታለሁ የሚል ቁርጠኝነት መጨረሻው ይህ ነው። ስለዚህ በአሸባሪ ላይ የተነሣ ሕዝብም ሆነ መንግሥት ክንዱን በሚያጠነክርበት ሰዓት ሕጉን ጭምር ማጥበቅ አለበት፤ አለዚያ የተነሣበትን ነገር ራሱ ይሆናል።

የየካቲት ፍርድ እስከ መጨረሻው አልተፈጸመም። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1948 ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ 10 ኢጣሊያውያን ለፍርድ የሚያስቀርብ ክስ እንዳለባቸው ተቀብሎ ነበር፤ ነገር ግን አንዳቸውም በኢትዮጵያ ስለሠሩት ወንጀል ለፍርድ አልቆሙም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 የ19 ዓመት እስር የተፈረደበት ከጀርመን ናዚዎች ጋር በመተባበሩ ሲሆን፣ በወራት ውስጥ ተፈትቶ እ.ኤ.አ. በ1955 በነጻነት ሞተ። በነሐሴ ወር 2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በተባለች የኢጣሊያ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠርቶለት ተመረቀ። ፍርድ ቤት ባልፈረደበት ነገር ላይ የሚቀረው ችሎት የትምህርት ቤቱ ክፍል፣ የቴአትሩ መድረክና የመጽሐፉ ገጽ ነው።

በስድስት ኪሎ፣ ከያኔው ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሠሩት ሐውልት ቆሟል። በዙሪያው የተቀረጹት ምስሎች ግድያውን ብቻ አያሳዩም፤ ሙታኑን ተሸክመው የሚሄዱትንም ያሳያሉ። መምህር ተማሪዎቹን ወደዚያ ሲወስድ ቀኑንና ቁጥሩን ማስተማሩ ተገቢ ነው። ከዚያ አልፎ ግን ሦስቱን ነገሮች ቢነግራቸው የዕለቱ ትርጉም ይሟላል፤ ሽብር ሊበታትነው የፈለገ ሕዝብ ተሳስሮ መቆየቱን፣ የተደረገው ሁሉ እንዳይጠፋ መመስከሩን፣ ድል ባገኘ ቀንም ገዳዮቹን አለመምሰሉን። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ መልሱ ሙሉ አይሆንም ነበር። የሦስት ቀን ሽብር በአራት ዓመት የተሸነፈው በሦስቱ ነው፤ ነገም ቢሆን በከተማችን ላይ እጁን የሚያነሣ ኃይል የሚጠብቀው መልስ ከእነዚሁ የተሠራ ሊሆን ይገባዋል።